ልጅ ልጠይቅ ወደ ጃንጂራ ግንብ

ሽማግሌ ተልኬ ሴት ልጅ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ አይደለም። ደሴ እያለሁ ሁለት ሦስት ጊዜ ተልኬ አንዴ ውሻ አባሮኛል፤ አንዴም «ተመካክረን እንነግራችኋለን» ተብለን ዝናብ እየወረደብን ደጅ ቆመናል። በአውሮፕላን፣ በሞተር ጀልባ፣ በአውቶቡስ፣ በጋሪና በሸራ ጀልባ ተሳፍሬ ልጅ ልጠይቅ ስሄድ ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው። ከተመለስኩ ወዲህ እዚህ ቶሮንቶ፣ ዌስተንና ኢስት ዮርክ ያላችሁ ወዳጆቼ ባገኛችሁኝ ቁጥር «ጋሽ በላቸው፣ ሕንድ እንዴት ነበረ?» ትሉኛላችሁ። እኔም ሁልጊዜ ጫማዬ ባሕር ከገባበት ስለምጀምር ታሪኩ ይበላሽብኛል። ይኸው ከመነሻው ጽፌላችኋለሁ።

ነገሩ የከማል ነው። ከማል ሬክስዴል ሰፈር ውስጥ ከእኔ ጋር በአንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ይሠራል። አባቱ ደሴ ጎረቤቴ የነበሩ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና የሠርግ ሱሪዬን የሰፉልኝ እሳቸው ነበሩ። ታዲያ ከማል ናሲም ከምትባል፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በነርስነት ከምትሠራ የሕንድ ልጅ ጋር ተዋደደ። ናሲም የመጣችው ከቦምቤይ በስተደቡብ ራጃፑሪ ከምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። ወገኖቿ «ሲዲ» ይባላሉ። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ከእኛ አገርና ከአካባቢው በባሕር ተወስደው መጀመሪያ ወታደርና መርከበኛ፣ ኋላም ገዢ የሆኑ ሰዎች ዘር ናቸው። ከመንደሯ ፊት ለፊት፣ ባሕሩ መሃል፣ እነሱ የሠሩትና ለዘመናት የገዙት ጃንጂራ የሚባል ግንብ አለ።

ከማል ደፍሮ ለአባቷ ኮል አደረገ። ሰውዬው እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ «ልጄን በቴሌፎን ሽቦ አልሰጥም። ሽማግሌ ላክ» ብለው ዘጉት።

ከማል የካናዳ ፓስፖርት ገና አላገኘም። ቢያገኝስ፣ በእኛ ወግ ሙሽራ ራሱ ሄዶ ይጠይቃል እንዴ? አንድ ቀን ሺፍታችን ሲያልቅ ኮቴን እየለበስኩ ሳለ መጥቶ አጠገቤ ቆመና፣ «ጋሼ፣ ከእርስዎ ሌላ አባት የለኝም» አለኝ። እንዲህ ከተባለ በኋላ ምን ይባላል? ናሲም ለዕረፍት ወደ ቤተሰቦቿ ልትሄድ ስለነበር አብሬያት እንድሄድ ተቆረጠ። ሙሽራ ሽማግሌዋን አስከትላ ስትሄድ ያየ ካለ ይንገረኝ።

እሑድ ዕለት ተነሣን። ቶሮንቶ በረዶ ይጥል ነበር። እኔ የሽምግልና ነገር ስለሆነ ሙሉ ልብስ ለብሼ፣ ከረባት አስሬ፣ አዲስ ጥቁር ጫማ ተጫምቼ፣ በላዩ ላይ ከባዱን ካፖርት ደርቤአለሁ። ወሩ ታኅሣሥ ነውና የገና ጾም ላይ ነበርኩ። አውሮፕላኑ ውስጥ «ሥጋ የሌለበት» ብዬ ብጠይቅ አይብ የሞላበት ነገር አመጡልኝ። «አይብም አልበላም» ስላት አስተናጋጇ አዝና ሁለት ዳቦ ጨመረችልኝ። እስከ ለንደን በዳቦ ደረስኩ።

ከለንደን ከተነሣን በኋላ ናሲም ወደ እኔ ዞር አለች። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው፤ «አንክል» ነው የምትለኝ።

«አንክል፣ ስለ ሰዓዳ ለአባቴ ባይነግሩት ደስ ይለኛል» አለች።

ሰዓዳ የከማል ልጅ ናት። እናቷ እሷን ስትወልድ አረፈች፤ ልጅቷን ደሴ ያሉት የከማል እናት ያሳድጓታል። ከማል ይህን ከናሲም አልደበቀም። የሚኖረው ዌስተን ከሦስት ወንዶች ጋር ተጋርቶ ስለሆነ፣ ቤት ሳልይዝ እንዴት አመጣታለሁ እያለ ነገሩን ከዓመት ዓመት ሲያስተላልፈው ነበር።

«ከኒካው በኋላ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ» አለች ናሲም። «አሁን ከሰማ እምቢ ይላል። አባቴን አያውቁትም።»

እሺም እምቢም አላልኩም። በመስኮት ደመናውን ማየት ጀመርኩ። ሽማግሌ መልስ ሲያጣ የሚያየው ነገር አያጣም።

ቦምቤይ ማክሰኞ ገባን። ከአውሮፕላኑ በር ስወጣ ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቤት ምድጃ ፊቴን መታኝ። ካፖርቴን አወለቅሁ፤ ኮቴን አወለቅሁ፤ ከረባቴን ግን ለክብር ተውኩት። ያደርነው የናሲም አክስት ቤት ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ሬክስዴል ያለችውን የእኔን አፓርትመንት ወጥ ቤትና ሳሎን በሚያክል ስፍራ ስድስት ሰው ይኖራል። አልጋው አንድ ሲሆን እሱን ለእኔ ለቀው ሁሉም መሬት ላይ አነጠፉ። ብለምን፣ ብለምን የሚሰማኝ ጠፋ።

ጉድ የመጣው በሻዩ ነው። እዚያ ሻይ ከወተት ጋር አብሮ ይፈላል። «ያለ ወተት» ስላቸው አክስትየዋ ሆዴን የታመምኩ መሰላቸውና ጎረቤት ጠሩ። ጎረቤቷ ሌላ ጎረቤት ጠራች። አንዷ መራራ ፍሬ አስቆረጠመችኝ፤ አንዷ ግንባሬን ዳሰሰችና ራሷን ነቀነቀች። ናሲም ከመታጠቢያ ቤት ወጥታ ጾም መሆኑን እስክታስረዳቸው ድረስ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ወስጃለሁ። ጾም መሆኑን ሲሰሙ ሁሉም በአክብሮት እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ጾመኛውን ለማየት ሌላ ጎረቤት ተጠራ።

ረቡዕ ጧት ወደብ ሄደን በሞተር ጀልባ ባሕረ ሰላጤውን ተሻገርን። እኔ የደጋ ሰው ነኝ። ቶሮንቶ ይህን ያህል ዓመት ስኖር ወደ ደሴቶቹ በሚወስደው ፌሪ እንኳ አንድ ቀን ተሳፍሬ አላውቅም፤ ሐይቁን ከዳር ሆኜ ማየት ይበቃኛል። ጀልባዋ ስትወዛወዝ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ቅርጫታቸውን አስይዘውኝ እንቅልፋቸውን ተኙ። ቅርጫቱ ውስጥ ሕይወት ያለው ነገር ይንቀሳቀስ ነበር። ምን እንደሆነ ሳስብ ባሕሩን ረሳሁት። ስንደርስ ክዳኑን ሲከፍቱት ሸርጣኖች ናቸው፤ አንዱን በስጦታ ሊሰጡኝ ሲያወጡ ሸሸሁ።

ከዚያ አውቶቡስ ነው። ሹፌሩ ጡሩምባውን ከነፋበት ያልነፋበት ጊዜ ያንሳል። መንገዱ በኮኮናት ዛፍ መሃል እየተጠማዘዘ አንዴ ወደ ባሕር፣ አንዴ ወደ ኮረብታ ይወስዳል። ወንበሩ ለሁለት ሰው የተሠራ ቢሆንም ለአራት ሆንን፤ ማንም አላጉረመረመም። ቶሮንቶ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሌላው እንዳይነካው ቦርሳውን አጠገቡ ያስቀምጣል፤ እዚህ የሰው ልጅ ጭኔ ላይ ተኝቶ ምራቁን ሱሪዬ ላይ አዝረከረከ። እናትየው በቀሚሷ ጫፍ ስትጠርግልኝ ቦታው ይበልጥ ሰፋ። የመጨረሻዋን መንገድ በፈረስ ጋሪ ሄድን። ናዝሬት ያየሁት ጋሪ ራሱ ነው፤ ፈረሱ ብቻ አንገቱ ላይ አበባ አለው።

ጋሪው ኮረብታውን ሲዞር ናሲም በጣቷ አሳየችኝ። ባሕሩ መሃል ጥቁር ግንብ ተቀምጧል። ደሴት ላይ የተሠራ መስሎኝ ደሴቱን ብፈልግ የለም። ቅጥሩ ከውሃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ በዙሪያው ለአንድ ሰው መቆሚያ የሚሆን መሬት አይታይም። ጎንደር የፋሲልን ግንብ በወጣትነቴ አይቻለሁ። እሱ ቢያንስ መሬት ላይ ቆሟል፤ እግሩ ይታያል። ይኼኛው ግን የት ላይ እንደቆመ እንጃ።

«በሩ የታለ?» አልኳት።

«ካልቀረቡት አይታይም» አለችኝ።

አባቷ ኢብራሂም ባባ ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ረጅም፣ ጠጉራቸው ጥቅልል፣ ጺማቸው በሂና የቀላ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው የጭነት መርከብ ላይ ስለሠሩ በመርከበኛ እንግሊዝኛ ይናገራሉ። ምጽዋ ወርደው ያውቃሉ፤ ከዚያ የያዟቸው «ቶሎ ቶሎ» እና «ውሃ» የሚሉት ቃላት እስከ ዛሬ አልጠፏቸውም። እጄን ጨብጠው፣ «በላቸው ሳሂብ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ውሃ!» ብለው እግሬን መታጠቢያ አስመጡልኝ። ሳሂብ ማለት ጌታው እንደማለት ነው።

ባለቤታቸው ሩቅያ ራት ሲያቀርቡ ወደ ሮዝ የሚያደላ ነጭ ነገር በኩባያ ሰጡኝ። «ወተት ነው፤ አልችልም» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የኮኮናት ወተት ኖሯል፤ ኮኩም በሚሉት ጎምዛዛ ፍሬ የቀላ። ጾመኛ መሆኔን ናሲም ቀደም ብላ ስለነገረቻቸው ሩቅያ አዲስ ድስት ገዝተው፣ ሥጋም ዓሣም ያልነካው ብለው ለይተው፣ በኮኮናት ዘይት ምስር ሠርተውልኛል። ከሩዝ ዱቄት የተጋገረ ቂጣ ነበረው። ሁለት ቤት፣ ሁለት ሃይማኖት፣ አንድ ድስት ስለ እኔ ተገዛ። ነገሬን ልጀምር ጉሮሮዬን ስጠራርግ ኢብራሂም ባባ እጃቸውን አነሡ።

«ነገ» አሉ። «ልጄን የሚጠይቅ መጀመሪያ ቤታችንን ይይ።» ጣታቸው የሚያመለክተው ወደ ባሕሩ ነበር።

ሐሙስ ጧት በሸራ ጀልባ ወጣን። ሁለት ቀዛፊዎች፣ ኢብራሂም ባባ፣ ሩቅያ፣ ናሲምና እኔ። ሙሉ ልብሴን እንደገና ለብሻለሁ። ቅጥሩ እየቀረበ፣ እየረዘመ መጣ። ከውሃው ውስጥ የወጡት ክብ ማማዎች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ በየማማው የመድፍ ቀዳዳ እንደ ዓይን ይመለከታል። አሁንም በር የለም። ግድግዳው ሊነካን ሲል ሁለት ማማዎች መሃል ገባ ያለ ስፍራ ታየና፣ ከውስጡ በሩ ብቅ አለ። የጠላት መርከብ እስኪያገኘው ድረስ በመድፍ ያልቃል ማለት ነው።

ደረጃው በማዕበል ይታጠባል። ጀልባው አይታሰርም፤ ማዕበል ሲያነሳህ መዝለል ነው። ሩቅያ በዚያ ዕድሜያቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው እንደ ፍየል ዘለሉ። እኔ ማዕበሉን አሳልፌ፣ አሳልፌ፣ በመጨረሻ ተሳስቼ ሲወርድ ዘለልኩ። ቀዛፊው በቀበቶዬ ይዞ አተረፈኝ፤ አዲሱ የግራ ጫማዬ ግን ወደ ዓረብ አገር ጉዞውን ጀመረ። ኢብራሂም ባባ ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ ግንቡ ዞረው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከዚያ የራሳቸውን ነጠላ ጫማ አውልቀው ሰጡኝ። እሳቸው በባዶ እግራቸው፣ እኔ በከረባትና በነጠላ ጫማ ገባን።

በሩ ላይ በድንጋይ የተቀረጸ አውሬ አለ፤ ነብር ይሁን አንበሳ አልለየሁትም። ዝሆኖችን እንደ ግልገል ከእግሩ ሥር ጨፍልቆ ይዟል። ቅጥሩን በእጄ ዳሰስኩት። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ማያያዣ ከድንጋዩ ይልቅ ጠንክሮ፣ ድንጋዩ በጨው ተበልቶ እሱ ወጣ ብሎ ቀርቷል። ኖራ፣ የቀለጠ እርሳስና የሸንኮራ ስኳር ነው ይላሉ ኢብራሂም ባባ። ቶሮንቶ ካሳ ሎማ የሚባል ግንብ አለን፤ አንድ ሀብታም ለወግ የሠራው ነው። ያን ሳይ ሀብታሙን ነው የማየው። እዚህ ግን ድንጋይ በጀልባ እየጫኑ ማዕበል ላይ የደረደሩት ሰዎች ታዩኝ።

ውስጡ ከተማ ነው፤ የፈረሰ ከተማ። መስጊድ፣ ጎዳና፣ ፎቅና ምድሩ የሚታይ ጣሪያ የለሽ ቤተ መንግሥት፣ በግንቡ ላይ ትልልቅ መድፎች። አንዱ መድፍ በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር አይግልም ብለው እጄን አስቀመጡኝ። እውነትም ለብ ያለ ብቻ ነበር። ከሁሉ የገረመኝ መሃሉ ላይ ያለው ትልቅ ክብ ኩሬ ነው። በአራቱም ማዕዘን ጨው ውሃ በከበበው ስፍራ ጣፋጭ ውሃ! ከበባው ዓመት ቢቆይ ግንቡ አይጠማም። ማራታ የሚባሉት የሕንድ ጦረኞች ታላቅ ንጉሥ ሊይዘው ሞክሮ አልቻለም፤ ልጁም ባሕሩን በድንጋይ ሞልቶ መንገድ ሊሠራ ጀምሮ ተወው።

ኢብራሂም ባባ ከኩሬው አጠገብ አንድ የፍርስራሽ ጥግ አሳዩኝ። «እዚህ ተወለድኩ» አሉ። እሳቸው ልጅ ሳሉ እዚህ ብዙ ቤተሰብ ይኖር ነበር፤ ኋላ ትምህርት ቤትም ሥራም የብስ ላይ ሲሆን ሁሉም አንድ በአንድ ተሻገረ። ሴቶቹ ግንቡን ሊዞሩ ሲወጡ እኛ የኩሬው ደረጃ ላይ ተቀመጥን።

«ይህን ግንብ በጉልበት የያዘው የለም» አሉ። «በእንግድነት ግን አንዴ ተይዟል። መጀመሪያ የዓሣ አጥማጆች አለቃ በእንጨት አጥሮት ነበር። አንድ የጦር አዛዥ ነጋዴ መስሎ በመርከብ መጣና፣ ማዕበል አስቸግሮኛል፣ አስጠጉኝ አለ። አስጠጉት። ለውለታችሁ ብሎ መጠጥ ሰጣቸው፣ ሰከሩ። የቀሩትን በርሜሎች አደራ አስገብቶ ነበር። በርሜሎቹ ሲከፈቱ መጠጥ አልነበረም፤ ወታደር ነው የወጣው። ከዚያ በኋላ ነው እኛ ሐበሾች አዛዥ ሆነን መጥተን በድንጋይ የሠራነው።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«በላቸው ሳሂብ፣ እርስዎም እንግዳ ሆነው መጥተዋል። በርሜልዎ ውስጥ ምን አለ?»

ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። እኔም ጀመርኩ። ከማል ጨዋ ነው፤ ሠራተኛ ነው፤ አይጠጣም፤ አባቱን አውቃለሁ፤ እኔ ክርስቲያን ሆኜ እሱ እስላም ሆኖ በአገራችን በወሎ ሠርጋችንም ለቅሷችንም አንድ ላይ ነው...

«ይኼ ከበርሜሉ ውጭ የተጻፈው ነው» አሉኝ።

ናሲምን አየኋት። ግንቡ ላይ ከእናቷ ጋር ቆማ ነጠላዋ በነፋስ ይውለበለባል። ልመናዋ ትዝ አለኝ። ግን ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ አባትን ከዓይኑ ሥር ሸውዶ ከወጣ ነገ በዚያ ትዳር ውስጥ የሚፈነዳው ነገር የእሱ ነው።

«ከማል ልጅ አለችው» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

ኢብራሂም ባባ ተነሡ። በግንቡ ጀርባ፣ ወደ ክፍት ባሕር የምትወጣ ትንሽ በር አለች፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ማምለጫ ትሆን ዘንድ የተሠራች። እዚያ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ። ቀዛፊዎቹ «ነፋሱ ሊዞር ነው» ብለው እስኪጣሩ ድረስ አልተመለሱም።

በመልሱ ጉዞ ጀልባው ውስጥ ናሲም ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ነገሩት?»

«ነገርኩት።»

«ለምን?»

«አባትሽ ቤት በርሜል ውስጥ ተደብቄ አልገባም።»

ስለ በርሜሉ ከልጅነቷ ጀምሮ ሰምታለች፤ ገባት። ፊቷን ወደ ውሃው መለሰች፤ ትከሻዋ ግን እኔን እንደነካ ቀረ። ያን ዕለት ሩቅያ ምስሩን አቀረቡልኝ። ከፊተኛው ቀን ይልቅ በዛ አድርገው መሙላታቸው ለምን እንደሆነ እኔም አላወቅሁም፤ በላሁት።

ዓርብ ጧት በረንዳ ላይ ተቀምጬ አረፈድኩ። ኢብራሂም ባባ ሰላምታ ብቻ ሰጥተውኝ ወደ ጁምዓ ሄዱ። ከገበያ ጫማ ሊገዛልኝ የሄደ ጎረቤት ሁለት የቀኝ እግር ጫማ ይዞ መጣ። መልሶ ሊቀይር ሄደ። መንደሩ ሁሉ ነገሩን የሰማ ይመስል በደጅ የሚያልፈው ሁሉ ኮኮናት ይሰጠኛል፤ አጠገቤ ተቆልሏል።

ከመስጊድ ሲመለሱ ኢብራሂም ባባ ከፊቴ ተቀመጡ። ሚስታቸውንና ልጃቸውንም ጠሩ።

«ዕድሜዋ ስንት ነው?» አሉኝ።

«አምስት።»

«ስሟስ?»

«ሰዓዳ።»

«ሌላስ በበርሜሉ የቀረ ነገር አለ?»

«የቀረው ከማል ራሱ ብቻ ነው» አልኩ።

አሁን ሳቁ። ከዚያ ወደ ናሲም ዞረው በቋንቋቸው ተናገሩ፤ መልሰው ለእኔም ነገሩኝ። «ሰውዬው ልጅ ስላለው አልተቆጣሁም አልኳት። አባቴ ይህን መቀበል አይችልም ብላ ስላሰበች ነው የተቆጣሁት። እኔን ያሳደገችኝ የእንጀራ እናቴ ናት። ትናንት በቆምኩባት በር አውጥታ ዋና ያስተማረችኝ እሷ ናት።»

ናሲም አለቀሰች። እናቷ ሳቁም አለቀሱም።

«ልጄን እሰጣለሁ» አሉ ኢብራሂም ባባ። «ግን ከልጅቷ ጋር ነው የምሰጣት። እናት የምትሆን ከሆነ ከመጀመሪያው ቀን ትሁን። ሰዓዳ አያት ቤት ሆና ሠርጉን በወሬ እንድትሰማ አልፈልግም። ልጅቷን የማምጣቱን ሥራ ይጀምር፤ እኛ እንጠብቃለን።»

ጣፋጭ ዞረ። ሁሉም በወተትና በቅቤ የተሠራ ነው። ሩቅያ ግን ለእኔ ብቻ ኮኮናት በሸንኮራ ስኳር ጠብሰው ኖሯል። መቼ ሠሩት? መልሱን ከእኔ በፊት ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ቅዳሜ የመንደሩ ግማሽ ሸኘኝ። የመልሱን መንገድ አላስረዝምባችሁም። ናሲም ዕረፍቷን ጨርሳ ልትመጣ ቀረች፤ እኔ ብቻዬን ቶሮንቶ ስገባ ከማል ኤርፖርት ቆሟል። መላጨት ረስቷል።

«ጋሼ፣ ምን አሉ?»

«እሺ አሉ። ከሰዓዳ ጋር።»

«ስለ ሰዓዳ... ነገሯቸው?»

«ነገርኳቸው። ሳትመጣ ሠርግ የለም ብለዋል።»

ሻንጣዬን ከእጄ ተቀብሎ ነበር፤ መልሶ መሬት አስቀመጠውና በላዩ ተቀመጠበት። ሰው በግራና በቀኝ እየዞረን ያልፋል። እኔም አልተቻኮልኩም፤ ሻንጣው ችሎታል።

በሚቀጥለው እሑድ ቤቴ መጥቶ ደሴ ኮል አደረገ። ጎረቤት ስልክ ላይ ነው የሚገናኙት፤ ኦፕሬተሯ መስመሩን እስክታስገባ ብዙ ጠበቅን። እናቱን አናገረ፤ ከዚያ ሰዓዳ ያዘችው። እኔ ከወንበሩ ማዶ ሆኜ ድምጿ ይሰማኛል፤ ጮክ ብላ ነው የምታወራው። ሁልጊዜ የምትጠይቀውን ጠየቀችው፤ «አባዬ፣ መቼ ነው የምትመጣው?»

ሁልጊዜ «በቅርቡ» ነበር የሚላት።

«አንቺ ነሽ የምትመጪው» አላት።

ልጅቷ ስልኩን ሳትዘጋ ጥላው፣ «እማማ! እማማ!» እያለች ወደ አያቷ ስትሮጥ የእግሯ ኮቴ ተሰማን።